ሰው በተራራቀበት ገጠር የስልክ አገልግሎት ወሰን ማስተካከል፦ ከመጀመሪያው ካርታ እስከ መጨረሻው የሙከራ ጥሪ

እያንዳንዱ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ የሚያገለግለው መሬት በካርታ ላይ የታወቀ ወሰን አለው። ከተማ ውስጥ ደንበኛው ይህን ወሰን ልብ አይለውም፤ በየትኛውም ማዞሪያ ቢገባ መስመሩ አጭር ነው፣ ጎረቤቱም ዘንድ የሚደውለው በአካባቢ ጥሪ ታሪፍ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ወይም ሁለት ቤት ብቻ በሚገኝበት ገጠር ግን ወሰኑ ብዙ ነገር ይወስናል፦ መስመሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ወደ ጤና ጣቢያው መደወል ስንት እንደሚያስከፍል፣ እሳት ሲነሳ ስልኩን የሚያነሳው የትኛው ማዕከል እንደሆነ።

የቆዩ ወሰኖች ብዙ ጊዜ የተሰመሩት ኬብሉ እስከየት እንደደረሰ ታይቶ፣ ካልሆነም ቢሮ ውስጥ በማስመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ መንገድ ይከፈታል፣ ትምህርት ቤት ይዛወራል፣ ሰዉ የሚገበያይበት ቦታ ይለወጣል፤ ወሰኑ ግን ባለበት ይቀራል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ወሰን ለማስተካከል ለሚነሱ የስልክ ድርጅት ባለሙያዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የአካባቢ አስተዳደር ሠራተኞች ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምንመራበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ወሰን ሰው በሌለበት መሬት ይለፍ። መጀመሪያ ሰዎቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩና ወዴት እንደሚደውሉ ይታይ፤ ሽቦው ከዚያ በኋላ ይለካ።

በእርግጥ መንቀሳቀስ ያለበት ወሰኑ ነው?

«ወሰኑ ይለወጥልን» የሚል ማመልከቻ ሲመጣ ከሥሩ ያለውን ችግር ለይተው ያውጡ። ሦስት ዓይነት ችግሮች በአንድ ስም ይመጣሉ፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው የታሪፍ ችግር ነው። ደንበኞቹ በየቀኑ የሚደውሉበት ከተማ በሌላ ማዞሪያ ሥር ስለሆነ ጥሪው እንደ ርቀት ጥሪ ይቆጠራል። ለዚህ ወሰን ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። በሁለቱ ማዞሪያዎች መካከል ያለው ጥሪ የአካባቢ ጥሪ እንዲሆን በማዞሪያው የጥሪ አቅጣጫ ሰንጠረዥና በሒሳብ ሥርዓቱ ላይ ማስተካከያ ይደረጋል፤ አንድም ምሰሶ አይነቀልም፣ አንድም ቁጥር አይለወጥም። ሁለቱን ማዞሪያዎች የሚያገናኘው መስመር ግን የሚጨምረውን ጥሪ መሸከም መቻሉን አስቀድመው ያረጋግጡ። ጥሪ ሲረክስ ሰው በብዛት ይደውላል፤ ያልተስፋፋ መገናኛ መስመር በሥራ ሰዓት ይጨናነቃል።

ሁለተኛው የአንድ ወይም የሁለት ደንበኛ ችግር ነው። የተቀረው ሰፈር ባለበት ደስተኛ ሆኖ አንድ ድርጅት ብቻ የወዲያኛውን ማዞሪያ ቁጥር ከፈለገ ከዚያኛው ማዞሪያ የተሳበ ልዩ መስመር ይስጡት። ደንበኛው ለርቀቱ ወርኃዊ ኪራይ ይከፍላል። እዚህ ላይ የሚዘነጋ አደጋ አለ፦ ቁጥሩ የሌላ ማዞሪያ ስለሆነ የአደጋ ጊዜ ጥሪው ወደ ሌላ አካባቢ ማዕከል ሊሄድ ይችላል። የደንበኛው ትክክለኛ አድራሻ በማዕከሉ መዝገብ ሳይሰፍር መስመሩን አይክፈቱ።

ሦስተኛው እውነተኛ የወሰን ችግር ነው፦ አንድ ሙሉ ሰፈር ከቅርቡ ማዞሪያ 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ላይ እያለ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ካለው ማዞሪያ ሲገለገል፤ የሁለት ድርጅቶች ኬብል በአንድ መንገድ ዳርና ዳር ጎን ለጎን ሲሄድ፤ ወይም የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ክልሉ ከስልኩ ክልል ጋር ሳይገጥም ሲቀር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ቤቶቹን መቁጠር፣ ጥሪዎቹን ማየት

የደንበኞች ዝርዝር ብቻ ይዞ መነሳት የተለመደ ጉድለት ነው። ወሰን የሚሰመረው በመሬት ላይ ስለሆነ ነገ ቤት የሚሠራበት ባዶ መሬትም በአንዱ ወገን ይወድቃል። ስለዚህ በአካል ሄደው በጂፒኤስ ይመዝግቡ፦ ሰው ያለበትንም የሌለበትንም ቤት፣ ስልክ የሌለውን ቤት፣ በስልክ መስመር የሚቆጣጠሩትን የውኃ ፓምፕ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ። ነጥቡን የሚወስዱት ሽቦው ወደ ቤቱ ከሚገባበት ቦታ ይሁን፤ ከግቢው በር እስከ ቤቱ 300 ወይም 400 ሜትር የሚሆንበት እርሻ ብዙ ነው፣ ይህ ርቀትም በኋላ በስሌቱ ውስጥ ይገባል።

በእያንዳንዱ ቤት አንጻር የሚከተሉት ይጻፉ፦ የአሁኑ ስልክ ቁጥር፣ የሚያገለግለው ማከፋፈያ ሳጥን እና የጥንድ ሽቦው (ለአንድ ስልክ የሚያገለግሉት ሁለት ሽቦዎች) ቁጥር፣ እስከ ሁለቱም ማዞሪያዎች በኬብሉ መንገድ ያለው ርቀት፣ ልጆቹ የሚማሩበትና ቤተሰቡ የሚታከምበት ቦታ፣ አምቡላንስ የሚመጣለት ከየት እንደሆነ። ርቀቱ በአየር የሚለካ አይደለም። ኬብል መንገድንና ድልድይን ተከትሎ ስለሚሄድ ከአየር ርቀቱ በሲሶ ወይም በግማሽ ሊበልጥ ይችላል።

ቀጥሎ የጥሪ መዝገብ ነው። የ3 ወር መረጃ ይበቃል፤ ወሮቹ ግን የእርሻ ሥራ የሚበዛበትንም የሚቀልበትንም ጊዜ ያካትቱ። ማን ለማን እንደደወለ አያስፈልግዎትም፤ ከእያንዳንዱ መስመር ወደ እያንዳንዱ ማዞሪያ ስንት ጥሪ እንደሄደ በድምር ብቻ ይውሰዱ። መመዘን ያለበት ከጠቅላላው የጥሪ ብዛት ይልቅ የደዋዮቹ ድርሻ ነው። ከ24 መስመሮች 19ኙ ወደ ወዲያኛው ማዞሪያ በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚደውሉ ከሆነ ሰፈሩ ኑሮው ከዚያ ጋር ነው። ከጥሪዎቹ አብዛኛውን ያደረገው አንድ ሱቅ ከሆነ ግን ያ የሰፈሩ ድምፅ አይደለም፤ ለሱቁ ልዩ መስመር ይበቃዋል። ዛሬ ብዙው ጥሪ በሞባይል ስለሚደረግ የቋሚ መስመሩ መዝገብ ብቻውን አሳሳች ሊሆን ይችላል፤ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ጤና ጣቢያው የጠየቁት ያን ክፍተት ይሞላል።

ሽቦው ይደርሳል?

ሰፈሩ ወደ ሌላው ማዞሪያ ቢዞር መስመሩ በትክክል ይሠራ እንደሆነ በወረቀት ላይ አስቀድሞ ይታወቃል። የሚያስፈልገው የሽቦው ውፍረትና ርዝመት ነው። የመዳብ ጥንድ ሽቦ የደርሶ መልስ ሬዚስታንስ (ሽቦው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ የመሄጃውና የመመለሻው ተደምሮ) በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በኪሎ ሜትር በግምት ይህን ያህላል፦

- 0.4 ሚሊሜትር፦ 274 ኦም
- 0.5 ሚሊሜትር፦ 176 ኦም
- 0.6 ሚሊሜትር፦ 122 ኦም
- 0.9 ሚሊሜትር፦ 54 ኦም

የሚፈቀደው መጠን የሚገኘው እንዲህ ነው። ማዞሪያው 48 ቮልት ይሰጣል፤ ስልኩ በደንብ እንዲሠራ ቢያንስ 20 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። 48 ለ0.020 ሲካፈል 2,400 ኦም ይሆናል። ከዚህ ላይ የማዞሪያው የራሱ ሬዚስታንስ 400 ኦም፣ የስልኩ ደግሞ 300 ኦም ያህል ሲቀነስ 1,700 ይቀራል። ነገር ግን መብራት ጠፍቶ ማዞሪያው በባትሪ ሲሠራ ቮልቱ ወደ 44 ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ የሚቀረው 1,500 ነው። ለሙቀትና ለአሮጌ መገጣጠሚያዎች 200 ይያዝለት። ለሽቦው የሚተርፈው 1,300 ኦም ነው፤ ከዚህ በላይ ያለ መስመር ተጨማሪ ማጎልበቻ ይፈልጋል። የሙቀቱን ነገር አቅልለው አይዩት፤ የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ 1 ዲግሪ 0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በምሰሶ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ኬብል በፀሐይ 40 ዲግሪ ሲደርስ በ20 ዲግሪ ከነበረው 8 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ጠዋት ደህና የነበረ መስመር ቀትር ላይ የሚደክመው ለዚህ ነው።

አንድ ቤት ወስደን እናስላ። አሁን ካለበት ማዞሪያ 3.2 ኪሎ ሜትር በ0.4 ሽቦ፣ ከዚያ 6.5 ኪሎ ሜትር በ0.6 ሽቦ ይደርሳል፦ 877 እና 793፣ ድምሩ 1,670 ኦም። ከልኩ በ370 ያልፋል። ወደ ሌላው ማዞሪያ ቢዞር 4.1 ኪሎ ሜትር በ0.5፣ 2.2 ኪሎ ሜትር በ0.6 ነው፦ 722 እና 268፣ ድምሩ 990 ኦም። በምቾት ይሠራል።

ሬዚስታንሱ ቢስማማም ድምፁ ሊደክም ይችላል። ከ5.5 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ የመዳብ መስመር ላይ ቀጭኑ የድምፅ ክፍል ስለሚዋጥ ሎዲንግ ኮይል (ይህን የድምፅ መዋጥ የሚቀንስ የሽቦ ጥቅል) ይገባል። የተለመደው አሠራር 88 ሚሊሄንሪ የሆነ ኮይል በየ1,830 ሜትሩ ማስገባት ነው፤ የመጀመሪያው ከማዞሪያው በግማሹ ርቀት፣ በ915 ሜትር ላይ ይቀመጣል። ከላይ ላሰላነው የ6.3 ኪሎ ሜትር መስመር ሦስት ኮይል ያስፈልጋል፦ በ915፣ በ2,745 እና በ4,575 ሜትር። ከመጨረሻው ኮይል እስከ ደንበኛው 1,725 ሜትር ይቀራል፤ ይህ ክፍል ከ900 ሜትር እስከ 3.6 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ስለሆነ ደህና ነው።

ወሰን ሲለወጥ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኬብሉ ቀድሞ ከምዕራብ ይመጣ ከነበረና አሁን ከምሥራቅ የሚመጣ ከሆነ፣ በውስጡ ያሉት ኮይሎች የተቀመጡት ከምዕራቡ ማዞሪያ ተለክቶ ነው። ከምሥራቅ ሲታዩ ርቀታቸው ከልኩ ይወጣል፤ ድምፁ የታፈነ ወይም የሚያስተጋባ ይሆናል፣ መስመር ፈታሹም «ሽቦው ደህና ነው» ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ የነበሩትን ኮይሎች ሁሉ አውጥተው በአዲሱ ልክ ያስገቡ። በመስመሩ ላይ ዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ የሚሄድ) ኢንተርኔት የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ኮይል ጨርሶ አይገባም፤ የኢንተርኔቱን ሞገድ ይዘጋዋል።

ሌላው የአቅጣጫ ለውጥ መዘዝ የጥንዶች ብዛት ነው። የስልክ ኬብል እንደ ዛፍ ነው፦ በማዞሪያው በኩል ግንድ፣ በዳር በኩል ቀንበጥ። በማዞሪያው አጠገብ 200 ጥንድ የነበረው ዳር ሲደርስ 10 ጥንድ ይሆናል። አሁን አዲሱ ማዞሪያ ኬብሉን የሚያገኘው በቀንበጡ በኩል ነው። 24 ደንበኞችን በ10 ጥንድ ማስተላለፍ አይቻልም። የት ቦታ ላይ ተጨማሪ ኬብል መዘርጋት እንዳለበት የሚታወቀው ከዳር ወደ ውስጥ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ የጥንዶቹን ብዛት ከደንበኞቹ ብዛት ጋር በማነጻጸር ነው። መጠባበቂያውን ሳይረሱ፤ ከሚያስፈልገው ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ይጨምሩበት።

አንዳንዴ ይህን ሁሉ መዳብ ከማስተካከል በሰፈሩ መካከል በፋይበር የሚመገብ ካቢኔት መትከል ይረክሳል። ከካቢኔቱ እስከ ደንበኛው በ0.4 ሽቦ 2.7 ኪሎ ሜትር፣ በ0.5 ሽቦ 3.6 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ይደረጋል፤ በዚህ ልክ ኮይል አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ ቢያንስ 8 ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ ይኑረው፤ ጥገና ሠራተኛ ጀነሬተር ጭኖ ለመድረስ ግማሽ ቀን ሊፈጅበት ይችላልና።

እስከ ቤቱ ፋይበር የሚገባ ከሆነ የርቀት ክርክሩ ከሞላ ጎደል ያበቃል። በጂፖን አሠራር (አንድ ፋይበር ለብዙ ቤቶች በሚከፋፈልበት) 20 ኪሎ ሜትር ፋይበር በ1,310 ናኖሜትር ላይ በኪሎ ሜትር 0.35 ዴሲቤል ሲታሰብ 7 ዴሲቤል፣ ለ32 የሚያከፋፍለው ስፕሊተር 17.5፣ መገጣጠሚያዎቹ 2 ያህል ከብርሃኑ ኃይል ይወስዳሉ፤ ድምሩ 26.5 ሆኖ ከሚፈቀደው 28 በታች ነው። ያኔ ወሰኑን የሚወስነው የሰዎቹ ኑሮ፣ የቁጥርና የአደጋ ጥሪ ጉዳይ ብቻ ይሆናል።

መስመሩን ማስመር

ካርታ ላይ በጣም የሚያጓጓው ወሰን መንገድ ነው፤ ግልጽ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሰው በተራራቀበት አገር ግን ቤቶች የሚሠሩት በመንገድ ዳር ነው። ወሰኑ በመንገዱ መሐል ካለፈ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ጎረቤቶች በሁለት ማዞሪያ ይከፈላሉ፣ በመንገዱም ግራና ቀኝ ሁለት ኬብል ይዘረጋል። ስለዚህ ወሰኑን ከመንገዱ ያርቁት፤ በሁለት ትይዩ መንገዶች መካከል ባለው እርሻ፣ በግጦሽ መሬት፣ በሸንተረር ላይ ያሳልፉት። መንገዱና የመንገዱ ሰዎች በሙሉ ወደ አንድ ወገን ይግቡ።

ሸንተረር ከወንዝ ይሻላል። ወንዝ አልጋውን ይለውጣል፤ «ወንዙን ተከትሎ» የሚል ወሰን ከጥቂት ጎርፍ በኋላ ክርክር ያመጣል። ከወንዝ ውጭ አማራጭ ከሌለ በጽሑፉ ላይ «በዚህ ቀን በነበረበት ሁኔታ የወንዙ መካከል» ተብሎ ቀኑ ይገለጽና ነጥቦቹ በኮኦርዲኔት ይመዝገቡ። ወንዙ ድልድይ በሌለበት ቦታ ሰውን የሚለይ ከሆነ ግን ያው ወንዝ ጥሩ ወሰን ነው፤ ከማዶ ያለው ሰው ኑሮውም ከማዶ ነውና።

የአንድ ባለቤት ይዞታ ለሁለት አይከፈል። ቤቱ በአንዱ፣ ጎተራውና ፓምፑ በሌላው ማዞሪያ ሥር ከወደቁ ባለቤቱ ሁለት ሒሳብ ይከፍላል፣ ጥገና ሲጠራም ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ያላክካሉ። የይዞታ ካርታ ካለ ወሰኑን በይዞታ ድንበር ላይ ያሳልፉት።

ከዚያ ወሰኑ በጽሑፍ ይገለጻል። ጥሩ መግለጫ የሚነበበው እንዲህ ነው፦ «ከነጥብ 4፣ ከሲሚንቶ ምልክቱ ተነሥቶ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ በቀጥታ መስመር 1,850 ሜትር ሄዶ ነጥብ 5 ላይ ይደርሳል፤ ከነጥብ 5 ተነሥቶ በሁለቱ ይዞታዎች የጋራ ድንበር ላይ ወደ ምሥራቅ 920 ሜትር ሄዶ ነጥብ 6 ላይ ይደርሳል።» መግለጫው ከተነሣበት ነጥብ ላይ ዞሮ መግጠም አለበት። እያንዳንዱ ነጥብ ኮኦርዲኔት ይኑረው፤ በዲግሪ ሲጻፍ ከነጥቡ በኋላ 5 አሃዝ ይኑር፣ ይህም 1.1 ሜትር ያህል ትክክለኛነት ይሰጣል። 3 አሃዝ ብቻ ከተጻፈ ስህተቱ እስከ 110 ሜትር ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ አንድ ሙሉ ግቢ ከወገን ወገን ያሻግራል። የኮኦርዲኔቱ መነሻ ሥርዓትም በስም ይጠቀስ፦ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ከሆነ ይጻፍ። በአሮጌ ካርታ ሥርዓት የተነበበ ነጥብ በጂፒኤስ ሥርዓት ላይ ሲቀመጥ በመቶዎች ሜትር ሊዛነፍ ይችላል።

ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን ካርታ ለየብቻ ካስሰመሩ በመካከል ማንም ያልያዘው ቀጭን መሬት፣ ወይም ሁለቱም የያዙት መሬት መገኘቱ አይቀርም። ባዶው ቁራጭ የከፋው ነው፤ ነገ ቤት ሲሠራበት ባለቤቱን የማገልገል ግዴታ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለቱ ወሰኖች በጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታ ሥርዓት) ላይ በአንድ ፋይል ተጋጥመው ክፍተትና መደራረብ ይፈተሽ፤ የጋራው መስመር አንድ ጊዜ ብቻ ተስሎ ሁለቱም ያንኑ ይውሰዱ።

ስምምነትና ወረቀት

ሁለቱ ማዞሪያዎች የአንድ ድርጅት ከሆኑ ይህ ክፍል ቀላል ነው። የሁለት ድርጅት ከሆኑ ስምምነቱ ቢያንስ እነዚህን ይመልስ፦ የሚተላለፈው ኬብል፣ ምሰሶና ሳጥን በዝርዝር፤ ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ (አብዛኛውን ጊዜ ከእርጅና ቅናሽ በኋላ ባለው የመዝገብ ዋጋ)፤ በግለሰብ መሬት ላይ ምሰሶ የማቆም መብቱ ለአዲሱ ባለቤት መተላለፉ፤ ሽግግሩ የሚደረግበት ቀንና ሰዓት፤ ከዚያ ሰዓት በፊት የተመዘገበ ብልሽት የማን እንደሆነ። የመሬት መብቱ ሲዘነጋ ከዓመታት በኋላ አዲሱ ድርጅት ምሰሶ ሊለውጥ ሲሄድ ባለመሬቱ «ከእናንተ ጋር አልተዋዋልኩም» ይላል፤ አባባሉም ትክክል ነው።

ደንበኞቹን በስብሰባ ብቻ አይጠይቁ። ለእያንዳንዱ ቤት በጽሑፍ ይላክ፦ ቁጥሩ ይለወጥ እንደሆነ፣ ወርኃዊ ሒሳቡ ስንት እንደሚሆን፣ ወደ የትኞቹ ቦታዎች መደወል እንደሚረክስና ወደ የትኞቹ እንደሚወደድ። የመጨረሻው አይደበቅ። ወደ ቀድሞው ከተማ ዘወትር የሚደውሉ ጥቂት ቤተሰቦች መኖራቸው የማይቀር ነው፤ ለእነሱ የቀድሞውን መስመር እዚያው ቤት እስካሉ ድረስ ማቆየት ይቻላል። ቤቱ ሌላ ሰው ሲገባበት በአዲሱ ማዞሪያ ይቀጥላል።

ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚቀርበው ማመልከቻ የቀድሞውንና አዲሱን ካርታ፣ የጽሑፍ መግለጫውን፣ የቤቶቹን ዝርዝር፣ የሁለቱን ድርጅቶች ስምምነትና የደንበኞቹን ምላሽ ይይዛል። ድርጅቱ ለገጠር አገልግሎት ድጎማ የሚቀበል ከሆነ ድጎማው የሚሰላበት ክልል ከማዞሪያው ወሰን ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለብቻው ይጠየቅ። በአሜሪካ ለምሳሌ የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ድጎማ የሚሰላባቸውን ክልሎች ወሰን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1984 በነበረበት አግዶታል፤ ወሰን የሚያዛውሩ ድርጅቶች ከዚህ ሕግ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። የማዞሪያው ወሰን ተፈቅዶ የድጎማው ካልተፈቀደ ድርጅቱ ሰፈሩን ያለ ድጋፍ ያገለግላል ማለት ነው።

ቁጥርና የአደጋ ጥሪ

ቁጥሩን ማቆየት ከተቻለ ይቆይ። ካልተቻለ የድሮውን ቁጥር የሚደውል ሰው አዲሱን የሚነግር የድምፅ መልእክት ቢያንስ ለ6 ወር፣ ለጤና ተቋምና ለንግድ ቤት ለ12 ወር ይቀመጥ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ ለሌላ ሰው አይሰጥ። ቁጥር በውስጣቸው የተመዘገበባቸው መሣሪያዎች ይቆጠሩ፦ የስርቆት ማንቂያ፣ ውኃ ሲያልቅ የሚደውል ፓምፕ፣ ፋክስ፣ የካርድ መክፈያ። እነዚህ የድምፅ መልእክቱን አይሰሙም፤ ዝም ብለው የማይሠራ ቁጥር ሲደውሉ ይኖራሉ።

የአደጋ ጥሪ ማዕከሉ መዝገብ የሚለወጠው መስመሩ በሚዞርበት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ቢዘገይ በዚያ ቀን የደወለ ሰው ጥሪው ወደማይደርስለት ማዕከል ይሄዳል። የገጠር አድራሻ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ላይኖረው ስለሚችል መጀመሪያ የወሰዱት የጂፒኤስ ነጥብ ከስልክ ቁጥሩ ጋር ለማዕከሉ ይሰጥ። ወሰኑ የቆመበት መስመር ከአምቡላንሱ ክልል ጋር በየትኛው ቦታ እንደማይገጥም በካርታ ላይ ቀለም ተቀብቶ ይታይ፤ ባልገጠመበት ቦታ ያሉት ቤቶች በስም ተለይተው ለትክክለኛው ማዕከል ይመደቡ።

የሽግግሩ ሥራ

ከሁለት ሳምንት በፊት የማገናኛው ኬብል ተዘርግቶ ያለቀ መሆን አለበት። የድሮ መዝገብ የጥንድ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ከእውነታው ጋር አይገጥሙም፤ በየጥገናው ሠራተኛ ጥንድ ቀይሮ ሳይመዘግብ ሄዷል። እያንዳንዱ ጥንድ በድምፅ ሰጪና በመፈለጊያ መሣሪያ ከዳር እስከ ዳር ይለይ። በሽቦዎቹ መካከልና ከመሬት ጋር ያለው ኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ እንዳያመልጥ የሚከለክለው ሽፋን) ይለካ፤ ከ1 ሜጋኦም በታች የሆነ ጥንድ እርጥበት ገብቶበታል፣ ከሽግግሩ በፊት ይጠገን ወይም ይተው።

ከዚያ አዲሱ ጥንድ በመገጣጠሚያው ላይ ከድሮው ጋር በትይዩ ይያያዛል፤ የድሮው ገና አይቆረጥም። ከዚህ በፊት ግን በአዲሱ ማዞሪያ ዋና ማከፋፈያ፣ ማለትም በኤምዲኤፉ ላይ፣ በእያንዳንዱ መስመር መከላከያ (ማዞሪያውን ከመብረቅና ከትርፍ ቮልት የሚጠብቀው ተነቃይ ክፍል) ውስጥ የማያስተላልፍ የፕላስቲክ ሽብልቅ መግባት አለበት። ሽብልቁ ከሌለ የሁለት ማዞሪያዎች ባትሪ በአንድ ጥንድ ላይ ይገናኛል፦ ደንበኛው ስልኩን ሲያነሳ ሁለቱም ማዞሪያዎች መስመር ይከፍታሉ፣ አንዱ የሚልከው የደወል ቮልትም ወደ ሌላው ካርድ ይገባል።

ከተማ ውስጥ ይህን ሥራ ሌሊት መሥራት የተለመደ ነው። በተራራቀ ሰፈር ግን ጠዋት ይሻላል፤ ቤቱ ድረስ ሄዶ መፈተሽ ስለሚያስፈልግ፣ ሌሊት በገጠር መንገድ ምሰሶ ላይ መውጣትም አደገኛ ስለሆነ። የዕረፍት ቀን ዋዜማ አይሁን፤ በማግስቱ ችግር ሲወጣ የሚጠራ ሰው መኖር አለበት።

በሰዓቱ አንድ ሠራተኛ በድሮው ማዞሪያ፣ አንዱ በአዲሱ ይቆማል፤ የሚነጋገሩት ከሚዞሩት መስመሮች ውጭ በሆነ ስልክ ነው። የመጀመሪያው መስመሩ ሥራ ላይ አለመሆኑን ሰምቶ መከላከያውን ይነቅላል፣ «ወጣ» ይላል፤ ሁለተኛው ሽብልቁን ይነቅላል፣ ዳያል ቶን መኖሩን ሰምቶ «ገባ» ይላል። መስመር በመስመር፣ በ10 በ10 እየተከፈለ ይሄዳል። ከየ10ሩ በኋላ ቆም ብለው ይፈትሹ፤ ስህተቱ የቁጥር መዛነፍ ከሆነ 10 ላይ ሲያዝ ይቀላል። የጤና ጣቢያው መስመር በቀጠሮ፣ ሌላ መገናኛ በእጃቸው እያለ ይዞር።

በደንበኛው ቤት የሚፈተሸው፦ ስልኩ ተነስቶ እያለ የሚለካው ከረንት ከ20 ሚሊአምፔር በላይ ነው? ከሞባይል፣ ከድሮው ማዞሪያና ከሌላ ድርጅት ቁጥር ሲደወል ይገባል? በሙሉ ድምፅ ይጠራል? የሚያሳየው ቁጥር ትክክል ነው? ከአንድ ድርጅት ብቻ ሲደወል የማይገባ ከሆነ ችግሩ ከሽቦው አይደለም፤ ያ ድርጅት የጥሪ አቅጣጫ ሰንጠረዡን አላደሰም ማለት ነው። ስልኩ ተነስቶ እየሠራ ደወሉ ብቻ የማይሰማ ከሆነ በረጅሙ መስመር ላይ ብዙ ስልክ በአንድነት ተሰክቶ ሊሆን ይችላል፤ ትርፎቹን ነቅለው ይሞክሩ።

የአደጋ ጥሪ ሙከራ ከማዕከሉ ጋር በቀጠሮ ይደረጋል። ሲያነሱ «ይህ ሙከራ ነው» ተብሎ ይጀመራል፤ በፊታቸው የሚታየውን ቁጥርና ቦታ እንዲያነቡ ይጠየቃሉ። ከወሰኑ ግራና ቀኝ ካሉት ዳር ቤቶች ሁሉ ይሞከር፤ ከአንድ ቤት ብቻ መሞከር የዳሩን ስህተት አያሳይም።

ከሽግግሩ በኋላ

መስመሮቹ ለአንድ ሳምንት ያለ ችግር ከሠሩ የድሮው ጥንድ በመገጣጠሚያው ላይ ይቆረጥ። ተንጠልጥሎ የሚቀር ሽቦ በድምፅ ላይ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ የዲኤስኤልን ፍጥነት ግን ይቀንሳል፣ መብረቅም በእሱ በኩል ይገባል። የመጀመሪያው ወር ሒሳብ በሁለት ስለሚከፈል ለደንበኞቹ የሚላከው ደረሰኝ በእጅ ይመርመር፤ በተለይ ግብር በአስተዳደር ክልል የሚሰላ ከሆነ።

በምሰሶዎቹና በሳጥኖቹ ላይ ያለው የባለቤት ምልክትና ቁጥር ይለወጥ። ከመቆፈር በፊት የመሬት ውስጥ ኬብል ያለበትን የሚያሳውቀው አገልግሎትም አዲሱን ባለቤት ይመዝግብ። ይህ ከቀረ መንገድ ሠሪው የድሮውን ድርጅት ይጠይቃል፣ «እዚያ የእኛ ኬብል የለም» ይባላል፣ ኬብሉም በኤክስካቫተር ይበጠሳል። የድሮው ካርታ በአዲሱ ላይ ተጽፎበት አይጥፋ፤ ሁለቱም ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሠሩ ተጽፎባቸው ይቀመጡ። የሒሳብ ክርክር ወይም የመሬት መብት ጥያቄ ሲነሳ የሚፈለገው በዚያ ቀን ይሠራ የነበረው ካርታ ነው።